ሦስት ቦታ የተከፈለው ዜማ

ድሬዳዋ ባቡር በሚመላለስባት በአንድ ወቅት፣ ልሳነወርቅ የሚባል የኦርኬስትራ መሪ ነበር። የእሱ ሙዚቃ የሚያስጨፍር አይደለም። ሰው ክበብ ውስጥ ምሳውን እየበላ፣ እያወራ የሚሰማው ለስላሳ ሙዚቃ ነው፤ እውነቱን ለመናገር፣ ብዙው ሰው ሙዚቃ እንደነበረ የሚያውቀው ሲቆም ነው።

ሚስቱ አስካለ ታማ ለሕክምና በባቡር ሄደች፤ በዚያው አርፋ ቀረች። ልሳነወርቅ ለእሷ አንድ ዜማ ደረሰ። ይሰርቁኛል ብሎ ስለፈራ ግን ዜማውን ሦስት ቦታ ከፈለው፤ መነሻውን ለቫዮሊን፣ መሐሉን ለአኮርዲዮን፣ መድረሻውን ለክላርኔት ተጫዋቹ በየወረቀቱ ሰጠና ሙሉውን ቀደደው። እኔ ብሆን አልቀደውም ነበር፤ እሱ ግን ቀደደው።

ክበቡ ተዘጋ፣ ተጫዋቾቹ ተበተኑ። ሠላሳ ዓመት አለፈ። ልሳነወርቅ አረጀ፣ ዜማውንም ረሳው። አንድ ቀን ባጃጅ ውስጥ ተቀምጦ ሳለ፣ ከቴፑ ክላርኔት ሰማ። የአስካለ ዜማ መድረሻ ነበር።

«የማን ነው ይሄ?» አለ።

«የአብዱሰመድ ነዋ፣ አባባ። የማያውቀው አለ እንዴ?» አለ ባለባጃጁ።

አብዱሰመድ ያ የክላርኔት ተጫዋቹ ነው። ልሳነወርቅ ከዚያ ቀን ወዲያ ሰላም አጣ። መድረሻውን ያንጎራጉራል፤ ወደ መሐሉና ወደ መነሻው ልመለስ ሲል ግን ከየት ይምጣ። የአስካለ ፊት እየደበዘዘበት ነበርና፣ ዜማውን ካገኘ እሷንም የሚያገኛት መሰለው። ናፍቆቱ አላስቀምጥ አለው። ጆሮውን ያየው ሐኪም ደግሞ «ጆሮዎ መስከረምን የሚሻገር አይመስለኝም» አለው። ስለዚህ ለሦስቱም ላከባቸው፦ «ጆሮዬ ሳይዘጋ አንዴ አሰሙኝ። ዜማውን፣ ኦርኬስትራ ከመራሁበት ዘንግ ጋር፣ ለሚገባው ሰው አወርሳለሁ።»

መጀመሪያ የቫዮሊኑ ቤዛብህ መጣ። ወረቀቱን በላስቲክ ጠቅልሎ ሠላሳ ዓመት አኑሮታል። ሰርግ ላይ ተጫወትልን ሲሉት፣ በተቸገረበት ጊዜ እንኳ፣ እምቢ ብሏል። «ቫዮሊኑንም ዜማውንም ያለ እርስዎ አልነካም ብዬ ነው፣ ጋሼ» አለ። ጣቶቹ ግን ደርቀው ነበርና መነሻውን የተጫወተው እየተደናቀፈ ነው።

አብዱሰመድ አንገቱን ደፍቶ ገባ። መድረሻውን በራሱ ስም ካሴት ላይ አውጥቶ ዝና አትርፎበታል። «ሰርቄዎታለሁ። ግን ጋሼ፣ ዛሬ ድሬ ውስጥ የማያፏጨው ሰው የለም» አለ። ልሳነወርቅ ፊቱን አዞረበት። ኋላ ግን፣ ያ ካሴት ባይኖር ዜማውን እንደረሳው ይሞት እንደነበር ትዝ አለው።

የአኮርዲዮኗ ዘይነባስ? የእሷን ወረቀት ጎርፍ ወስዶታል። ያም ሆኖ ባዶ እጇን አልመጣችም። የአስካለ ጎረቤት ነበረች፤ አስካለ ልብስ ስታጥብ እንዴት እንደምታንጎራጉር ታስታውሳለች፤ ያንን ይዛ መሐሉን እንደ አዲስ ደረሰችው። «የእርስዎ አይደለም፣ አልዋሽዎትም» አለችው።

ሦስቱም ተያይዘው ተጫወቱ። መሐሉ ላይ ሲደርሱ ልሳነወርቅ አስካለን አያት፤ እጇ ላይ ያለው የሳሙና አረፋ ሳይቀር ታየው። አለቀሰ። ያስለቀሰው የራሱ ሥራ እንዳልሆነም ያውቃል። «ድገሙልኝ» አለ።

ክረምቱን ሙሉ በየቀኑ እየመጡ ደገሙለት። አንድ ቀን ጣቶቻቸው ሲንቀሳቀሱ አየ፤ ድምፅ ግን አልመጣም። እስኪጨርሱ ጠበቃቸውና ዘንጉን ይዞ ተነሣ። ሦስቱንም እያፈራረቀ አያቸው፤ ወደ ማን እንደሚዘረጋው ጨነቀው። ምከሩኝ እንዳይል አይሰማም።

እንግዲህ ፍረዱ። ቤዛብህ ሳይነካው ጠበቀለት፤ አብዱሰመድ ሰርቆ በሕይወት አኖረለት፤ ዘይነባ ደግሞ የእሱ ባልሆነ ዜማ ሚስቱን መለሰችለት። የአስካለን ዜማ ለማን ይስጥ?