የጅብ የምርኮ ክምር

አንድ ጊዜ አንዲት ምንጭ ጅብንና አህያን አጣላች። ጅብ በምንጯ መንገድ ላይ ተጋድሞ አላሳልፍ ሲለው፣ አህያ ውሃ ጥም ጸናበትና አንበሳ ዘንድ ሄዶ ከሰሰ። አንበሳ አርጅቷል፤ ከፍርድ ይልቅ ሰንጠረዥ መጫወት ይወዳል። ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ የተጫረውን ሰሌዳውን በጅራቱ ጠረገና «ተጫወቱ፤ ምንጯ ያሸነፈው ናት» አለ።

«ጌታዬ፣ እኔ እኮ አልችልም» አለ አህያ።

«እኔም አልችልም፤ ግን አሸንፋለሁ» አለ ጅብ።

አንበሳ ሳቀ። «እንግዲያው እትዬ ቀበሮ ታስተምራችሁ።»

ጅብ ቀበሮን መንገድ ላይ ጠበቃት። «አህያውን በደንብ አታስተምሪው። ለግልገሎችሽ ቅልጥም እጥልላቸዋለሁ።» ቀበሮ የተራቡትን ግልገሎቿን አሰበችና እሺ አለች።

ለአህያ ጠጠሮቹን ደረደረችለት። «እነዚህ እግረኞች ናቸው፤ ወደፊት አንድ አንድ ይራመዳሉ፣ የሚማርኩት ግን በሰያፍ ነው። ግንብ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ፈረስ ሁለት ይሄድና አንድ ወደ ጎን ይታጠፋል፤ መንገዱ ላይ ማንም ቢቆም ዘሎት ያልፋል።»

«የአክስቴ ልጅ ነዋ!» አለ አህያ ደስ ብሎት።

«ይኼ ደግሞ ንጉሥ ነው፤ ወደፈለገው አቅጣጫ ይሄዳል፣ ግን አንድ እርምጃ ብቻ። ስትጀምሩ ተራ የለም፤ ሁለታችሁም እኩል ጦራችሁን ታሰልፋላችሁ። አንዳችሁ የሌላውን ጠጠር ከማረከ በኋላ ግን ተራ በተራ ነው።»

«የሚያሸንፈውስ ማን ነው?»

ቀበሮ ጆሮዋን አከከች። «ብዙ የማረከ» አለች።

ለጅብ እውነቱን ነገረችው። «ያሸነፈ ማለት የሌላውን ንጉሥ ከብቦ መውጫ ያሳጣ ነው።»

«እሺ፣ እሺ» አለ ጅብ ምራቁን እየዋጠ። «ፈረሱ ወዴት ነበር የሚዘለው?»

በጨዋታው ዋዜማ ትንሹ የቀበሮ ግልገል እሾህ ወጋው። አህያ አገኘውና በጀርባው አዝሎ ወደ ጉድጓዱ ወሰደው። መንገድ ላይም «እናትህ ጎበዝ ናት፤ ሳትሰለች ሁሉንም አስተማረችኝ» ይለው ነበር። ቀበሮ ከጉድጓዷ ሆና ይህን ሰማች። ልጇን ተቀበለችና አንገቷን ደፋች።

«ዋሽቼሃለሁ። ብዙ መማረክ አያሸንፍም። ንጉሡን መውጫ ማሳጣት ነው።»

አህያ ጆሮዎቹ ወደቁ። «ለምን ዋሸሽኝ?»

«ለቅልጥም።»

«ይጣፍጣል?»

«ገና አልሰጠኝም።»

አህያ ፊቷ ተንበረከከና «በይ፣ እንደገና ደርድሪው» አለ።

በማግስቱ ሰሌዳው ዙሪያ ተቀመጡ። ሁለቱም እኩል ጦር ማሰለፍ ጀመሩ፤ ጅብ ግን ማሰለፍ ሰለቸውና ዘሎ የአህያን እግረኛ ማረከ።

«ተራ ተጀመረ!» አለ አንበሳ።

አህያ አንዱን ጠጠር ወደፊት ገፋለት፤ ጅብ ማረከው። ሌላም ገፋለት፤ ያንንም ማረከው። የጅብ ጦር ንጉሡን ጥሎ ምርኮ ፍለጋ ሰሌዳው ጥግ ድረስ ነጎደ። ጅብ የማረካቸውን ጠጠሮች ሁሉ ከደረቱ ሥር ሰብስቦ ታቀፋቸው።

«እዩት ይኼን ሁሉ! አህያ፣ አንተስ ምን አለህ?»

«ከንጉሤ ሌላ አንድ ፈረስና ሁለት ግንብ» አለ አህያ፤ በአፉም ሁለተኛውን ግንብ ቀስ አድርጎ ገፋው። «ንጉሥህ ወዴት ይሄዳል?»

ጅብ ከምርኮው ክምር ቀና አለ። ንጉሡ ብቻውን ሰሌዳው ጠርዝ ላይ ቆሟል። ወደ ግራ ግንብ፣ ወደ ቀኝ ፈረስ፣ ወደፊትም ግንብ።

«ግን ብዙ የማረክሁት እኔ ነኝ!» አለ ጅብ፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«ነግሬህ ነበር፣ አያ ጅቦ» አለች ቀበሮ።

አህያ ወደ ምንጯ ሄዶ እስኪረካ ጠጣ። ሲመለስ ጅብ አሁንም ሰሌዳው ላይ አፍጥጧል።

«ነገ ና፣ ከመጀመሪያው አብረን እንየው» አለው አህያ። «ግን ምሳህን በልተህ ና፤ ከሰሌዳው ወዲያ ማዶም ትቀመጣለህ።»

ከዚህ የምንማረው፣ ለጀማሪ አካሄዱን ብቻ አሳይቶ ግቡን መደበቅ ክህደት እንደሆነ፣ ግቡ ተነግሮት ለምርኮ የተስገበገበ ደግሞ ሰሌዳውን ሙሉ ቢሰበስብ እንኳ ንጉሡን እንደሚያጣ ነው።