የኮከቡ ጅራት ወዴት ዞረ?

አንዲት እናት ልጇን ለመዳር ሽር ጉድ ትል ነበር። ጎህ ሳይቀድ በርበሬ ልታሰጣ ወጣች፤ በምሥራቅ በኩል ጅራታም ኮከብ! ጅራቱ ወደ ምዕራብ፣ ወንዙን ተሻግሮ ወደ ሙሽራው ቤተሰቦች ቤት ተዘርግቷል።

ጅራታም ኮከብ መዓት ያመጣል ሲባል ሰምታ ነው ያደገችው። «ወይ ምስኪኖች! ምን ሊመጣባቸው ይሆን?» ብላ ከንፈሯን መጠጠች። ከዚያስ? ሠርጉን አስቀረች? ምን ሲደረግ! ወደ በርበሬዋ ተመለሰች።

ሳምንታት አለፉ፤ ዳስ ተጣለ። ኮከቡ ፀሐይን ዞሮ አሁን ሲመሽ በምዕራብ ብቅ አለ። ጅራቱስ? ወደ ምሥራቅ፣ በቀጥታ ወደ እሷ ጣሪያ!

«ዳሱን አፍርሱ! ሰማዩ በቤቴ ላይ ዞሮብኝ ልጅ አልድርም!» ብላ ጮኸች እናት።

ሙሽራዋ ምንታምር የሳይንስ አስተማሪ ናት። እናት የልጇ ዓይን እንባ ሲሞላ አየች፤ ግን ከቃሏ አልተመለሰችም።

«እማዬ፣ ኮከቡ እኮ በረዶና አቧራ ነው» አለች ምንታምር። «ወደ ፀሐይ ሲቀርብ ይተናል። ከፀሐይ ደግሞ ሁልጊዜ ነፋስ ይነፍሳል፤ እንደኛ ነፋስ አይደለም፣ ኤሌክትሪክ ያዘሉ ደቃቅ ቅንጣቶች ናቸው። ከኮከቡ ትነት ኤሌክትሪክ የያዘውን ጠርጎ ይወስደዋል፤ ጅራት የሚሆነው እሱ ነው። ስለዚህ ሲመጣም ሲሄድም ጅራቱ ከፀሐይ በተቃራኒ ነው። ሲሄድማ ጅራቱ ይቀድመዋል!»

«ጅራት ከፊት?»

«ከፊት! በማንም አልዞረም። ይልቅ ያኔ ወደ እነሱ ሲሆን ለምን ሠርጉን አላስቀረሽም?»

«ያኔማ... የእነሱ ነበራ!» አለችና እናት ራሷ ቀድማ ሳቀች። የዳሱን ምሰሶ ይዛ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። «ምን ታፈጡብኛላችሁ? ከበሮውን አምጡ እንጂ!»

ወገኖቼ፣ በእሷ ሳቃችሁ አይደል? ሳቁ፣ ሳቁ። ግን በረዶ የጎረቤትን ማሳ ሲመታ «ምን በድለው ይሆን?» የሚል ማን ነው? የራሱን ሲመታ «እግዜር ምነው ጠላኝ?» የሚልስ? እኔና እናንተ አይደለንም?

ያ ጅራት የሚበራው ፀሐይ ስላለች ነው። ጠልቃ አላያችኋትም እንጂ አለች፤ ትነፍሳለች፣ ታበራለች። ፈጣሪያችንም እንዲሁ ነው። ስትፈሩ ጅራቱ ወዴት እንደተዘረጋ ብቻ አትዩ፤ ከየት እንደመጣም እዩ።

በፍርሃት ያቆማችሁት እርቅ የለም? ያዘገያችሁት ክርስትና፣ ያስቀራችሁት ሠርግ? እንግዲህ ምን ትጠብቃላችሁ? ሂዱና ጀምሩት፤ እኛንም ጥሩን!