ለትርንጎ አንደኛ ምርጫ የመጡ ሽማግሌዎች

በአንድ ወቅት፣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና ያለፈ ልጅ እንደ በጋ ምንጭ በሚፈለግበት ዘመን፣ በአንዲት መለስተኛ ከተማ ከአንድ ትምህርት ቤት ሁለት ልጆች ብቻ አለፉ፤ ትርንጎ ቢያድግልኝና ጓደኛዋ ዝማም። ውጤቱ የተሰማ ዕለት ሰፈሩ እልል ሲል ትርንጎም አብራ እልል ልትል አፏን ከፈተች። ድምፅ አልወጣትም። ከዚያ ወዲህ ስሟ ሲነሳ ስለ ሌላ ሰው የሚወራ ይመስላት ጀመር።

ተማሪን ዩኒቨርሲቲ የሚደለድለው መንግሥት ቢሆንም፣ አንደኛ ምርጫውን የሚሞላው ራሱ ተማሪው ነው። ትርንጎ ያመጣችው ውጤት ደግሞ የመረጠችበት ሁሉ የሚያስገባት ነው። ስለዚህ ፈላጊዎቿ፣ የሰው ልጅ ለትዳር የሚፈልግ ሁሉ እንደሚያደርገው፣ ሽማግሌ ላኩ። እሷ ከመጋረጃው ጀርባ ምስር እየለቀመች ትሰማለች።

ቀድመው የመጡት የእናቷ ወንድም ጋሽ ልሳነወርቅ የላኳቸው ናቸው። እንደ ደንቡ ገብተው ቆሙ።

«ኧረ ተቀመጡ» አሉ አባቷ አቶ ቢያድግልኝ።

«ቃል ሳናገኝ አንቀመጥም። ልጅዎን ለዋና ከተማው ታላቅ ዩኒቨርሲቲ ብለን መጥተናል። ስሙ ሲጠራ ሰው ከወንበሩ ይነሳል።»

«እዚያ አገር ማን አላት?»

«ስሙ አለላት።»

ጋሽ ልሳነወርቅ የእድር ዳኛ ናቸው፤ የተናገሩት መሬት ወድቆ አያውቅም። ስም የሌለው ትምህርት ቤት የጨረሰ ልጅ ማመልከቻው ሳይነበብ ሲጣል ስላዩ፣ ለእህታቸው ልጅ እንዲህ እንዳይሆን ቆርጠው፣ «ታላቁ ዩኒቨርሲቲ ገብታለች» ብለው በእድሩ ፊት ተናገሩ። ጉባኤው ተነሥቶ አጨበጨበ። አሁን እሷ ካልሄደች፣ ሲዳኙ በኖሩበት ሸንጎ ውሸታም መባላቸው ነው።

ሁለተኛዎቹን የላኩት አቶ ቢያድግልኝ ራሳቸው ናቸው። አባት ለገዛ ቤቱ ሽማግሌ ይልካል ወይ ብላችሁ እንዳትስቁ፤ ሌላው እየላከ ዝም ያለ አባት ልጁን እንደጠላ ይቆጠራል።

«ማን ላካችሁ?» አሉ በሩን ከፍተው።

«እርስዎ።»

«ደህና ሰው ነው። ምን ይላል?»

«እዚሁ ከመናኸሪያው ማዶ ካለው ዩኒቨርሲቲ እየተማረች ማታ ቤቷ ትግባ ይላሉ። አቅማቸውን ያውቁታል።»

«አውቀዋለሁ» አሉ አቶ ቢያድግልኝ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

የምትታለበውን ላም ሸጠው ከቤቱ ጎን አንዲት ክፍል ሠርተውላታል። ክፍሏ መስኮት አላት፤ ከመስኮቱ ሥር የማጥኛ ጠረጴዛ ቆሟል። ላሟ ከሄደች ወዲህ ጎረቤት ወተት ሲያመጣ ከቤት አይገኙም። ልጅቱ ሩቅ ብትሄድ ለመንገዷና ለኪሷ የሚልኩት አልቀራቸውም፤ ክፍሏም ባዶዋን ትቀራለች።

ሦስተኛዎቹ ሽማግሌዎች ጢም አላበቀሉም። ፈተናው የጣላቸው የክፍል ጓደኞቿ ናቸው፤ ዝማም የየአባታቸውን ጋቢ አስደርባ ላከቻቸው።

«ቃል ሳናገኝ አንቀመጥም» አለ ረጅሙ።

«እንግዲያው ቁሙ።»

ቆሙ።

«ዝማም የሐይቁን ዳር ዩኒቨርሲቲ ይዛለች፣ ጋሼ። አብረው ይሁኑ ነው የምንለው። አንድ ዶርም፣ አንድ ሳሙና። ማታ ማታ ዳር ዳሩን ወክ ይደረጋል፤ ቅዳሜ ሙዚቃ አለ፤ ሰው ከሰው ይውላል።»

«ትምህርትስ?»

ረጅሙ ዞሮ ጓደኞቹን አያቸው። «ትምህርትም አለ» አለ።

ዝማም ከትርንጎ የበለጠ ውጤት ነበራት፤ ታላቁ ዩኒቨርሲቲ ይቀበላት ነበር። ግን ትርንጎ ብቻዋን ስትሆን እህል እንደምትተው፣ ሰው ካላናገራት አፏን እንደማትከፍት የምታውቀው እሷ ናት። ስለዚህ ሐይቁን አንደኛ አድርጋ ሞልታ ላከች፤ አንዴ የተላከ አይመለስም። ሽማግሌዎቿ ቆመው ሳሉ በጓሮ ዞራ መጋረጃው ጋ መጣች።

«ቆልፌዋለሁ» አለቻት።

«ሳትጠይቂኝ?»

«ብጠይቅሽ መቼ ትመልሻለሽ፣ አንቺ?»

ትርንጎ ምስሩን መልቀም ቀጠለች። ደስ ሊላት ወይ ልትቆጣ እንደሚገባ ገባት። አንዱም አልመጣላትም።

ምርጫው በሚዘጋበት ቀን ወደ ኢንተርኔት ቤት ሄዱ። እሷ ኮምፒዩተሩ ፊት ተቀመጠች፤ አባቷ፣ ጋሽ ልሳነወርቅና ዝማም ከኋላዋ ቆሙ።

«ቶሎ በሉ፣ ወረፋ አለ» አለ ባለቤቱ።

«አንቺ የፈለግሽውን ነው፣ የኔ ልጅ» አሉ አቶ ቢያድግልኝ።

«በነፃነት፣ በነፃነት» አሉ ጋሽ ልሳነወርቅ።

«ደስ ያለሽን» አለች ዝማም።

ሦስቱም ከልባቸው ነበር የተናገሩት። የሦስቱም እጅ የወንበሯ መደገፊያ ላይ ነበር። ትርንጎ ማውሱ ላይ ያለውን ጣት አየችው፤ የእሷ ጣት አልመሰላትም።

እንግዲህ ፍረዱ። አንዱ የኖሩበትን ስም አስይዘዋል። አንዱ ላማቸውን ሸጠው ክፍል ሠርተዋል። አንዷ የራሷን ዕድል ጥላለች። ማንኛቸውም ያደረጉትን መልሰው ማንሳት አይችሉም፤ ልጅቱም ከሦስቱ ሁለቱን ሳታፈርስ አንዱን መጫን አትችልም። «ምርጫውማ የራሷ ነው» የሚል ችኩል ከመካከላችሁ አይጠፋም፤ ነገር ግን እሷ ሽማግሌ አልላከችም፤ ሽማግሌ ያልላከ ደግሞ በወጋችን አይሰማም። ታዲያ የትርንጎ አንደኛ ምርጫ የሚገባው ለማን ነው?