የማን ስም ይሰረዝ?

በአንድ ወቅት፣ ባቡሩ መምጣት ካቆመ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በምሥራቅ በኩል በምትገኝ አንዲት የቆላ ከተማ አርባ ሁለት ሽማግሌዎችና አሮጊቶች የራሳቸው ማኅበር ነበራቸው። ቀበሌው በለቀቀላቸው አሮጌ መጋዘን ውስጥ እየተሰበሰቡ ዳማና ካርታ ይጫወታሉ፣ ዓይኑ ያልደከመ ጋዜጣ ያነብላቸዋል፣ ስለ ደም ግፊታቸው ያወራሉ፣ ይነታረካሉ። ዕድሜያቸው ሲታይ ሁሉንም «አንቱ» ማለት ይገባኝ ነበር። ጥፋት ያለበት ወሬ ሲሆን ግን አንቱታ ጥፋቱን ይሸፍነዋልና «እሱ»ና «እሷ» እያልኩ እቀጥላለሁ፤ ቅር የሚለው ካለ ይቅር ይበለኝ።

የማኅበሩ ትልቅ ሥራ ዳማው አልነበረም፣ ስም ጥሪው ነበር። ቀደም ባለው ዘመን አንድ ብቸኛ አባል ቤቱ ውስጥ ሞቶ በአምስተኛው ቀን ተገኘ። ሰው ፈልጎት አይደለም፣ ሽታው ነው ጎረቤት የጠራው። ቀብሩ ላይ አባላቱ ዓይን ለዓይን መተያየት አፈሩ። ከዚያ ደንብ ወጣ። ከሰኞ እስከ ዓርብ በየጠዋቱ በሦስት ሰዓት ጸሐፊው ስም ይጠራል፤ የመጣ ሰው «አለሁ» ይላል። «አለሁ» ያላለ ሰው ቤት ኮሚቴው ወዲያውኑ ይሄዳል። ለዚሁ ሲባል ብቻቸውን የሚኖሩት ሁሉ ትርፍ ቁልፋቸውን ሰጥተው፣ ቁልፎቹ ስም ተለጥፎባቸው ግድግዳው ላይ በሚስማር ተሰቅለዋል። የደንቡ የመጨረሻ አንቀጽ አጭር ነበር፦ «ስም ጥሪውን ያበላሸ ከመዝገቡ ይሰረዛል። የተሰረዘ ሰው ስሙ አይጠራም፣ በሩም አይንኳኳም።»

ይህን ደንብ ያረቀቀው ቁምላቸው ነው። ሠላሳ ዓመት ባቡር ላይ ቲኬት ሲቆጣጠር የኖረ፣ ነፍሰ ጡር ሴት እንኳ ያለ ቲኬት ብትሳፈር በሚቀጥለው ጣቢያ ያወርዳል የሚባልለት ሰው። ሚስቱ ሞታለች፣ ልጅ አልወለደም። ከኋላው «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ይሉታል። እሱም ሰምቶ «ወረቀቱ ባይኖር እናንተን ማን ይፈልጋችሁ ነበር?» ይላል።

ኮሚቴዎቹ ሦስት ነበሩ። ሰብሳቢው ጡረተኛው ሻምበል ይልማ፣ ጸሐፊው መምህር ፍሥሐ፣ የታመመ ጠያቂዋ ደግሞ እትዬ አስካለ። ሦስቱም እንደ ቁምላቸው ብቻቸውን የሚያድሩ ናቸው። በበጎ ፈቃድ ስለሚሠሩ ደመወዛቸው ሐሜት ብቻ ነበር፤ እሱ ደግሞ ሳይዘገይ ነው የሚከፈለው።

አንድ ሐሙስ ቁምላቸው ስም ጥሪ ላይ ቀረ። ሦስቱ ቁልፉን ከሚስማሩ አንስተው ወደ ቤቱ ሄዱ። አንኳኩ፣ መልስ የለም። ከፍተው ገቡ። ቁምላቸው ሰፊ ሳፋ ውስጥ ተቀምጦ፣ ጭንቅላቱን በሳሙና አረፋ ሸፍኖ፣ ራዲዮውን ከፍ አድርጎ ገላውን ይታጠብ ነበር። እትዬ አስካለ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ ሮጣ ወጣች። «ውጡ» አለ ቁምላቸው፣ ሳሙናው አፉ ውስጥ እየገባ። በደንቡ መሠረት ማንም አላጠፋም።

ከሦስቱ ማን እንዳወራው አይታወቅም። በማግስቱ ጠዋት ስሙ ሲጠራ ግን እሱ አፉን ሳይከፍት ከኋላ አንዱ «ታጥቧል» ብሎ መለሰለት። መጋዘኑ በሳቅ ተናጋ። እንባቸው እስኪወርድ የሳቁም ነበሩ። ሻምበሉ አልተቆጣም፣ መምህሩ ከመነጽሩ በታች ፈገግ አለ፣ እትዬ አስካለ መሬት መሬት አየች። ቁምላቸው ተነስቶ ወደ ግድግዳው ሄደና ቁልፉን ነቅሎ ኪሱ ከተተ።

«ከእንግዲህ በሬን የነካ ሰው ቀብሬ ላይ እንዳይቆም» ብሎ ወጣ።

የዚያኑ ዕለት ከሰዓት አናጢ ጠርቶ በሩ ላይ ከውስጥ የሚወረወር የብረት መቀርቀሪያ አስመታ። ቅዳሜና እሁድ መጋዘኑ ዝግ ነው። ሁለቱን ቀን ከቤት ሳይወጣ፣ የሳቁትን አንድ በአንድ በዓይነ ኅሊናው እያየ ሲብሰለሰል ሰነበተ።

ሰኞ ንጋት ላይ ራዲዮውን ከፍቶ፣ አልጋው ጠርዝ ላይ ሆኖ ካልሲውን ሊያጠልቅ ሲል ቀኝ እጁ ከዳው። ራሱን ሲያውቅ ጉንጩ ሲሚንቶው ላይ ነበር። ቀኝ ጎኑ አይታዘዝም፣ ምላሱ ተሳስሯል። አእምሮው ግን ጥርት ያለ ነው፤ ክፋቱም ይሄ ነበር። በዚያ ሰፈር ካሉት ቤቶች ባቡሩ ከቀረ ወዲህ ግማሾቹ ተዘግተዋል፤ ቢጮህም የሚሰማው አልነበረም። ራዲዮው ሰዓት በተናገረ ቁጥር አብሮ ቆጠረ። ሁለት ሰዓት ሆነ፣ ሁለት ተኩል ሆነ። ሦስት ሰዓት ሲባል ቁጣውን ሁሉ ረሳና ደስ አለው። አሁን ፍሥሐ መነጽሩን ይወለውላል፤ አሁን መዝገቡን ገለጠ። የእሱ ስም አሥራ ሰባተኛ ነው። አሁን ጠሩት፣ ዝምታ ሆነ፣ አሁን እየተነሱ ነው። ከመጋዘኑ እስከ ቤቱ በሽማግሌ እግር ሃያ ደቂቃ ይሆናል። ሃያ ደቂቃ ቆጠረ። ምናልባት እትዬ አስካለ ጉልበቷን አሟት ቀስ ብለው እየመጡ ይሆናል ብሎ ሌላ ሃያ ጨመረላቸው።

መጋዘኑ ውስጥ የሆነው ግን ሌላ ነበር።

ፍሥሐ «ቁምላቸው ደስታ» ብሎ ሲጠራ ቤቱ ጭጭ አለ። እትዬ አስካለ የዓርቡ ሳቅ ሆዷን ሲበላት ነበር የሰነበተው። አኩርፎ የቀረ መሰላት። አሁን ኮሚቴው ሄዶ በሩን ቢያንኳኳ ማኅበሩን እስከ ወዲያኛው ጥሎ ይወጣል፤ ከዚህ ከወጣ ደግሞ ማን አለው? አንድ ቀን ቢተዉት ነገ በራሱ እግር ይመጣል ብላ አሰበች። አንገቷን ቀብራ፣ ድምፅዋን አወፍራ «አለሁ» አለች። የዋሸችው ለክብሩ ብላ ነው።

ፍሥሐ ሠላሳ አምስት ዓመት ጀርባውን ለተማሪ ሰጥቶ ሰሌዳ ላይ እየጻፈ ማን እንዳንሾካሾከ የሚለይ መምህር ነበር። «አለሁ» ያለው ማን እንደሆነ ወዲያው አወቀ። ቀና ሲል ወንበሩም ባዶ ነው። ነገር ግን በስድሳ ስምንት ዓመቷ፣ ስንቱን ስታስታምም የኖረችን ሴት በአርባ ሰው ፊት «ዋሽተሻል» ማለት ይቻላል? ይሉኝታ አፉን ያዘው። አንድ ሰው ማዋረድ ለሳምንቱ ይበቃል ብሎ አሰበና፣ ከቁምላቸው ስም ትይዩ የ«አለ» ምልክቱን አድርጎ አሥራ ስምንተኛውን ጠራ።

ሻምበል ይልማም ባዶውን ወንበር አይቷል። ከሰዓት በኋላ ከዘራውን ይዞ ብቻውን ወደ ቁምላቸው ቤት ሄደ። አንኳኳ። «ቁምላቸው» ብሎ ተጣራ። ከውስጥ የራዲዮ ድምፅ ይሰማል። በሩን ገፋ፤ ከውስጥ ተቀርቅሯል። ሻምበሉ ሰው ለምኖ የማያውቅ ሰው ነው፣ እዚህ ድረስ መምጣቱም ለእሱ ትልቅ ነገር ነበር።

«ራዲዮ እየሰማህ ዝም ትለኛለህ?» አለ በሩን። «እሺ። ያኮረፈ በሽማግሌ ነው የሚታረቅ፤ ነገ ሽማግሌ ይዤ እመጣለሁ።»

ቁምላቸው ከበሩ አምስት እርምጃ ያህል ራቅ ብሎ ወድቆ ነበር። ቃሉን አንድ በአንድ ሰምቷል። «አለሁ» አለ፤ የወጣው ግን ትንፋሽ ብቻ ነው። ከዘራው ጠጠሩን እየነካ ሲርቅ አዳመጠ። አለቀሰ፣ ያለቀሰውም በግማሽ ፊቱ ነበር።

ማክሰኞ ጠዋት ስሙ እንደገና ሲጠራ እትዬ አስካለ አላስቻላትም። ብድግ ብላ «ትናንት የመለስኩት እኔ ነኝ» አለች። ከዚያ በኋላ ያልሮጠ የለም። ሻምበሉ በሰባ ስድስት ዓመቱ በሩን በትከሻው ሲመታ መቀርቀሪያው ቢላቀቅም የእሱም ትከሻ ተሰበረ። መምህሩ ቁምላቸውን አቅፎ ባጃጅ ውስጥ አስገባው፤ ከሆስፒታል ከወጣ በኋላም ለሁለት ወር አጠገቡ ተቀምጦ፣ እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ ከ«ሀ» ጀምሮ አፉን አስፈታው። እትዬ አስካለ ልብሱን አጠበች፣ አጎረሰችው፣ ያን ያፈረበትን ገላውን በገዛ እጇ አጠበችው። ያየ ሁሉ «እንዲህ ያለ ወዳጅ ይስጠን» ይል ነበር።

ቁምላቸው ግን በልቡ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይል ነበር። ሐኪሙ የነገረውን አልረሳም፦ «ሰኞ ጠዋት ደርሰውልዎ ቢሆን ኖሮ እግርዎም እጅዎም ይተርፉ ነበር።» ሁለቱም አልተረፉለትም። ጉርሻውን ከአስካለ እጅ ሲቀበል ይጠላታል፤ አንድ ቀን ስትዘገይ ደግሞ ዓይኑ ከበሩ አይነሳም። ለፍሥሐና ለይልማም ያው ነበር። ከእነሱ ሌላ ሰው የለውም።

በሦስተኛው ወር በወንበር ተሸክመው መጋዘኑ አስገቡት። አባላቱ ደንቡ ይፈጸም አሉ። ሦስቱም ይሰረዙ የሚል ሐሳብ ተነሳ፤ በእነሱ ፋንታ ኮሚቴ የሚሆን እጁን ያውጣ ሲባል ግን አንድም እጅ አልወጣም። ማንም አይሰረዝ የሚልም ተነሳ፤ እንዲያ ከሆነ ደንቡ ሞተ፣ ከነገ ጀምሮ የፈለገ ለፈለገው «አለሁ» እያለ ይመልሳል። ብዙ ተጯጩኸው በመጨረሻ አንድ ሰው ይሰረዝ፣ ማን እንደሚሆን ግን የተጎዳው ይወስን ብለው ተስማሙ። አርባ ሰው ሸክሙን ለአንድ ሽባ ሰጥቶ እፎይ አለ።

እትዬ አስካለ ቆመች። «ጋሼ፣ ውሸቱን የጀመርኩት እኔ ነኝ» አለች። «እውነቱንም ያወጣሁት እኔ ነኝ። ዝም ብል ኖሮ እስከ ዓርብ እዚያው ይቀሩ ነበር።»

መምህር ፍሥሐ ቀጠለ። «እሷ አኩርፈዋል ብላ ተሳስታ ነው። እኔ እርስዎ እንዳልመጡ እያወቅሁ ነው የጻፍኩት። ቢሆንም አቶ ቁምላቸው፣ ዛሬ የሚፈርዱበትን አፍ ማን እንዳስፈታልዎ አይርሱ።»

ሻምበል ይልማ ከወንበሩ አልተነሳም። «እኔ አልዋሸሁም፣ አልጻፍኩም» አለ። «ማንም ሳያዘኝ ደጅህ ድረስ መጥቻለሁ። በሩን የሰበርኩትም እኔው ነኝ፤ ይኸው ይህ ትከሻዬ እስከ ዛሬ አይነሳም።»

ያን ጊዜ ከወደ ጥግ አንዲት አሮጊት በቀስታ «ቁልፉን ነቅሎ የሄደውስ?» አለች። ማንም አልሳቀም። ቁምላቸውም ወደ እሷ ዞሮ አላየም፤ ጥያቄው ለእሱ አዲስ አልነበረም፣ ሲሚንቶው ላይ ተኝቶ ራሱን ደጋግሞ የጠየቀው ነው።

ፍሥሐ መዝገቡን ጉልበቱ ላይ ዘረጋለትና እስክሪብቶውን በግራ እጁ አስጨበጠው። ቁምላቸው ሦስቱን አያቸው። አስካለ ልቧ ደካማ ነው፣ ደረጃ በወጣች ቁጥር ደረቷን ትይዛለች። ፍሥሐ አንድ ዓይኑ ጠፍቷል፣ ሁለተኛውም እየሄደ ነው። ይልማ የሚደውልለት ልጅ የለውም። ከሦስቱ አንዱን ቢሰርዝ፣ ያ ሰው ነገ ቤቱ ወለል ላይ ወድቆ ሰዓት ይቆጥራል፣ የሚመጣለትም የለም። የገዛ ስሙን ቢሰርዝ ቆጣሪው እሱ ራሱ ይሆናል፤ እንዴት እንደሚቆጠር ደግሞ ያውቀዋል።

እኔ የሰማሁት እዚህ ድረስ ነው፤ የቀረው የእናንተ ነው። ለክብሩ ብላ የዋሸችው ናት? እያወቀ በይሉኝታ የጻፈው ነው? ደጁ ድረስ ደርሶ በኩራት የተመለሰው ነው? ወይስ ቁልፉን ነቅሎ በሩን በገዛ እጁ የዘጋው? እስክሪብቶው በእናንተ እጅ ቢሆን ማንን ትሰርዛላችሁ?