አንጓች ያላወቀችው ድንበር

የአያቶቻችን አያቶች ገና ሳይወለዱ፣ እነዝማና ሸንበቁማ የሚባሉ ሁለት አገሮች በአንድ ወንዝ ይዋሰኑ ነበር። ወዲህ ማዶ እነዝማ፣ ወዲያ ማዶ ሸንበቁማ። ወንዙ ጥቁሪት ይባላል። እንደሰማነው ነው፤ የሚጨመር የለም።

በእነዝማ ዳር፣ ከወንዙ አፋፍ ላይ፣ አንጓች የምትባል ሸክላ ሠሪ ነበረች። ባል ሞቶባታል። ርስት የላትም። ጎጆዋን የቀለሰችው በጭቃ ሹሙ ፈቃድ ነው። እንስራዋን ሁሉም ይገዛታል፤ ቤቱ ግን ማንም አይጠራትም።

አንድ ክረምት ጥቁሪት ሞላች። ሞላችና መውረጃዋን ትታ በሌላ በኩል ሄደች። ክረምቱ ሲወጣ አሮጌው መውረጃ ደለል ተኝቶበት፣ ሣር በቅሎበት ተገኘ። እነዝማ "የእኛ ነው" አለ። ሸንበቁማም "የእኛ ነው" አለ። ከሁለቱም ወገን ሰው ማለ። ከሁለቱም ወገን ጦር ተሳለ።

የሁለቱም አገር ሽማግሌዎች ጨነቃቸው። ከመካከላቸው አባ ውብነህ የሚባሉት መነኩሴ፣ "እንግዲያው ድንበሩን መሬት የሌለው ሰው ይምራን" አሉ። "ሠላሳ ዓመት የወንዙን ጭቃ ስትቆፍር የኖረች ሴት አለች።"

"ኧረ የገንፎ ማሰሮ ጠይቋት! ድንበር ምኗ ነው?" አለና አንዱ ሳቀ። ሌላ የሳቀ አልነበረም።

መጀመሪያ የመጣባት የራሷ ጭቃ ሹም ነው። በሯ ላይ ቆመ፤ አልገባም።

"አንቺ፣ ድንበሩ ደለሉ ዳር ካለው ዋርካ ወዲያ ነው በይ። አለዚያ ጎጆሽን አፍርሰሽ ትሄጃለሽ።"

"ወዴት እሄዳለሁ ጌታዬ?"

"እሱን አንቺ ታውቂያለሽ።"

ያን ቀን የሠራችው እንስራ ሁሉ አንገቱ ተጣመመባት።

ቀጥሎ የሸንበቁማ ሰዎች ማር ይዘው መጡ። "እመት አንጓች፣ ከዋርካው ወዲህ ነው በይልን። ጎጆም መሬትም እንሰጥሻለን" አሏት። በዕድሜዋ እመት ብሎ የጠራት የለም። ማሩን መለሰችው። መለሰችና ፈራች። ማሩ ሲገባ የእነዝማ ሰው አይቷል፤ ሲወጣ ይይ አይይ አታውቅም።

ሦስተኛው ፈተናዋ መንገዱ ራሱ ነው። በማግስቱ ጠዋት ሽማግሌዎቹ ጓል አፈር በራሷ ላይ ጫኑባት። "በሐሰት ብመራ ይህ አፈር ይብላኝ" ብላ ማለችና ወጣች። እነዝማ በግራዋ፣ ሸንበቁማ በቀኟ። ሁሉም ጦር ይዟል። ትሄዳለች፣ ትቆማለች፣ በመቆፈሪያ ትወጋለች፣ ጭቃውን በጣቷ ታሻለች። አሮጌው የወንዝ ጭቃ ሲሆን "እዚህ" ትላለች፤ ድንጋይ ይተከላል። ዋርካው ዘንድ ስትደርስ ጭቃው ወደ እነዝማ ታጠፈ። ጭቃ ሹሙ ጥርሱን ነከሰ። ግን "እዚህ" አለች። ሸንበቁማ እልል አለ። ትንሽ ሄዳ ጭቃው ወደ ሸንበቁማ ታጠፈ። "እዚህ" አለች። እልልታው ቆመ።

ከአንድ ጉብታ ሥር ደረሰች። ወጋች፤ ጠጠር። ወጋች፤ ጠጠር። ጎርፉ ሁሉን ቀላቅሎታል። ወደ ኋላ ተመልሳ እንደገና ወጋች። ከግራ "ቀጥይ!" ከቀኝ "ቀጥይ እንጂ!" ይሏታል። ወደ ግራ ብትል ግራው ይነሳል። ወደ ቀኝ ብትል ቀኙ ይነሳል። ጦሩ ሲነቃነቅ ታየዋለች።

አፈሩን ከራሷ አወረደች። መሬት ላይ አስቀመጠችው።

"አባቶቼ፣ እስከዚህ አውቃለሁ። ከዚህ ወዲያ አላውቅም።"

ከሁለቱም ወገን የማለው ሁሉ፣ ሁሉን አውቃለሁ ብሎ ነበር የማለው። አላውቅም ያለ አንድም አልነበረም።

አባ ውብነህ ወደ ሰዉ ዞሩ። "ሰማችሁ? የማታውቀውን አላውቅም ካለች፣ አውቃለሁ ያለችውን ማመን ነው።"

መጀመሪያ ጦሩን ያወረደው ጭቃ ሹሙ ነው። አንጓችን ቀና ብሎ አላያትም። ጎጆዋንም አላስፈረሰም።

ድንጋዮቹ በተተከሉበት ጸኑ። ያላወቀችው ሜዳ ግን የማንም ሳይሆን ቀረ። ዛሬም አይታረስም። የሁለቱም አገር ከብት ይግጥበታል፤ ስሙም "አላውቅም" ነው። በዚያ አገር ድንበር የሚመራ ሰው አፈሩን ከመሸከሙ በፊት "አላውቅምህ የት ላይ ነው?" ተብሎ ይጠየቃል። የለኝም ካለ አፈሩን አያሸክሙትም። ወደ ቤቱ ይሸኙታል።