የአውቶቡሱ ምስክር

ዓባይ ለሁለት በከፈላት ከተማ አዲስ የሕዝብ አውቶቡስ ሲመረቅ፣ የትራንስፖርት ኃላፊው አቶ አምሳሉ አንድ ሽማግሌ ቀዛፊ ሕዝብ ፊት አስቆሙ። ሽማግሌው አርባ ዓመት በደንገል ታንኳ ሰው ሲያሻግሩ የኖሩ ናቸው።

«አባባ፣ ታንኳ ኋላ ቀር፣ አውቶቡሳችን ግን ምቹ መሆኑን ይመስክሩ። አሻፈረኝ ካሉ ታንኳዎን ከነገ ጀምሮ ወንዙ ላይ እንዳላይ!» አሏቸው።

ሽማግሌው ወጥመዱ ገባቸው። ከመሰከሩ ተሳፋሪ ይሸሻቸዋል፤ እምቢ ካሉም እንጀራቸው ይዘጋል። ማይክሮፎኑን ተቀበሉ።

«እውነት ነው ጌታዬ፣ ታንኳዬ ኋላ ቀር ናት። አርባ ዓመት ሙሉ እኔንም ከተሳፋሪዎቼ እኩል ስታበሰብሰኝ ኖራለች። የአውቶቡሱን ምቾት ግን ገና አልቀመስኩትም። ከሚያውቀው ሰው ልጠይቅ ብዬ እርስዎን ስጠብቅ፣ እርስዎም ለምረቃው በቤት መኪናዎ ከች አሉ!»