እየተንቀጠቀጠች የቆመችው አህያ

አንድ ጊዜ በቆላ አገር፣ ዝናብ ጠፍቶ ምንጩ ሁሉ በደረቀበት ዘመን፣ አንዲት አህያ ነበረች። አብራት ያደገች እህት ነበረቻት። ሁለቱ ሳይደርቅ በቀረው ወንዝ ዳር ውሃ ሲጠጡ ጅብ ደረሰባቸውና እህቷን በላባት፤ እሷ ሸሽታ ተረፈች።

ከዚያ ወዲህ ቅጠል ኮሽ ባለ ቁጥር በርግጋ ትሮጣለች። ወደ ወንዙ መውረዱን እርግፍ አድርጋ ተወችው። ጠዋት ጠዋት ከሣር ላይ ጤዛ እየላሰች ብትሰነብትም ጎኗ ጎደጎደ፤ አጥንቷም ወጣ።

በዚያው አካባቢ የምትኖር አንዲት አሮጊት ኤሊ ሁኔታዋን አይታ ቀረበቻት።

«ልጄ፣ በውሃ ጥም ልትሞቺ ነው እኮ።»

«ወንዙን ሳስብ የእህቴ ጩኸት ይሰማኛል፣ እመት ኤሊ። እግሬ ሳላዘው ይሮጣል።»

«ለመሆኑ አልቅሰሽላታል?»

«አላለቀስኩም» አለች አህያዋ። እህቷን ጥላ በመሸሿ አፍራ እንባዋን ውጣ ነበር የከረመችው።

«በይ መጀመሪያ አልቅሺ» አለች ኤሊ። «ሲወጣልሽ እስከዚያ ጉብታ ድረስ ብቻ አብረን እንሄዳለን። ፍርሃቱ ሲመጣብሽ ይምጣ፤ እግርሽን ግን አትስጪው። ቁሚ፣ ተንፍሺ፣ ዙሪያሽን እዪ። የምትሄጂበትን ከዚያ በኋላ ትመርጫለሽ።»

አህያዋ አለቀሰች። ከዚያም በየጠዋቱ ከኤሊ ጋር ጥቂት ጥቂት እያለች ወደ ወንዙ ቀረበች። አንዳንድ ቀን ደንግጣ ከመንገድ ትመለሳለች፤ በማግስቱ ደግሞ እንደገና ትሞክራለች።

ይህን ሁሉ ቀበሮ ከቁጥቋጦ ሥር ሆና ስታይ ሰንብታ ወደ ጅብ ዋሻ ሄደች።

«አያ ጅቦ፣ የዚያችን አህያ እህት የበላሃት አንተ አይደለህም?»

«እኔ ነኝ። ሥጋዋ ይጣፍጥ ነበር» አለ ጅብ ከንፈሩን እየላሰ።

«ይቺኛዋም ያንተው ናት። ፊት ለፊት ከገጠምካት ትራገጣለች፤ ስለዚህ ከወንዙ ዳር ካለው አረንቋ ማዶ ተደብቀህ ጠብቅ። እኔ ከኋላዋ ሆኜ ‹ጅብ መጣብሽ› ብዬ አስደነብራታለሁ። በርግጋ አረንቋው ውስጥ ስትገባ ትያዛለች። ለእኔ ጉበቷን ብቻ ተውልኝ።»

«ጉበቱንማ እኔም እወደዋለሁ» አለ ጅብ ቅር ብሎት። ሆኖም ተስማማ።

በማግስቱ አህያዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዋን ወረደች። ውሃው ከፊቷ ያብለጨልጫል። አረንቋው በግራዋ ሆኖ ውሃው ጋ ልትደርስ ጥቂት ሲቀራት ቀበሮ ከኋላዋ ጮኸች።

«እመት አህያ፣ ጅቡ ደረሰብሽ! በግራ በኩል ሩጪ!»

የአህያዋ ጆሮ ጭው አለ። የእህቷ ጩኸት መጣባት። ላብ ጀርባዋን አጠበው፤ እግሯ ሊፈተለክ ተነሣ።

«መጣ» አለች በልቧ፤ «ፍርሃቱ መጣ። ይምጣ።»

አራቱንም እግሮቿን መሬት ላይ ተከለች። ተነፈሰች። መላ ሰውነቷ እየተንቀጠቀጠ ዞራ አየች። ከኋላዋ ከቀበሮ በቀር ማንም የለም።

«ምን ትጠብቂያለሽ? እህትሽን የበላት እኮ ነው» አለች ቀበሮ።

ቃሉ እንደ ጦር ወጋት። ዐይኗ እንባ ሞላ። ቢሆንም ከቆመችበት አልተነቃነቀችም።

ጊዜው ረዘመ። አንዲት ወፍ እንኳ አልጮኸችም። ከአረንቋው ማዶ ጅብ ለሐጩ እየተዝረበረበ ቢጠብቅ ቢጠብቅ ትዕግሥቱ አለቀ።

«እመት ቀበሮ» ሲል ተጣራ፣ «ለምንድን ነው የማትሮጠው? እኔ እኮ ተደብቄ እየጠበቅሁ ነው።»

አህያዋ ጅቡ የት እንዳለ ያን ጊዜ አወቀች። ቀስ ብላ ከአረንቋው ርቃ ደረቅ መሬት ያዘች። ጅብ ደግሞ ምሳው ሊያመልጠው መሰለውና ዘሎ አረንቋው ውስጥ ገባ፤ እስከ ደረቱም ሰመጠ። እየተንቦጫረቀ፣ እያለከለከ ወደ ዳር ሲወጣ አህያዋ አልሸሸችም። ጀርባዋን አዙራ ጠበቀችው። መንጋጋው ሲቀርብላት በሁለት የኋላ እግሮቿ ስትለው ጥርሱ ረገፈ። እየተንገዳገደ ተመልሶ ጭቃው ውስጥ ወደቀ። ቀበሮ ቀድማ ተሰውራ ነበር።

አህያዋ እህቷ የሞተችበት ስፍራ ላይ ጎንበስ ብላ እስክትረካ ጠጣች። ጉልበቷ ገና ይንቀጠቀጥ ነበር።

ከዚህ የምንማረው ሐዘኑን አልቅሶ፣ ፍርሃቱንም ሳይክድ ራሱን ቀስ በቀስ ያለማመደ፣ ክፉ ቀን ድንገት ሲመጣበት አስተውሎ መቆም እንደሚችል ነው።